የሰባቱ ጎረቤቶች ግራ ጆሮ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 11

በአካል ርቀሽ ከሐሳቤ ላልራቅሽው ልጄ፣

ምራቴ ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ወረቀት ላይ ምንም ተብለሽ ብትጻፊ፣ እኔ ዘንድ ልጄ ነሽ፤ በዚሁ እንቀጥል።

እንደምን ከረምሽ? ሥራውን ለመድሽው ወይ? ብርዱ ጉልበትሽ ላይ እንዳይበረታብሽ እፈራለሁ፤ ወፍራም ነገር መልበስ የማትወጂ ሰው ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ደክሟል፣ እጄም ሽቦ ስበይድ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የቀረው ሁሉ በቦታው አለ።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ምክንያቱን አስቀድሜ ልንገርሽ። የምጽፍልሽ ቃሌን አጥፌ ነው። ወንዱ ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየ "ለእሷ እንዳትነግራት" ብሎኛል፤ እኔም እሺ ብዬዋለሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ ቃሌን ሳጥፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ አስቤበት፣ ተኝቼበት፣ ዳግም አስቤበት ሳጥፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ወደዚህ፣ ወደ ቤታችሁ የመጣሁት በመስከረም ነው። ደውሎልኝ ነው የመጣሁት። አንድ የተዘጋ ሬዲዮ ጣቢያ ዕቃውን ሲያወጣ ሪል ቴፕ የሚሉትን ትልቅ የድሮ ድምፅ መቅጃ አግኝቶ ኖሮ፣ ሁለት ቀን ሠርቶ መዞር አቆመበት። "አባዬ፣ ከአንተ ሌላ ይህን የሚከፍት ሰው የለም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሚከፍቱት ሰዎች ወይ ሞተዋል ወይ እንደኔ ሱቃቸውን ዘግተዋል። የመበየጃ ሣጥኔን ይዤ ለአንድ ሳምንት ብዬ መጣሁ። ይኸው አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ።

ጋራዡን አሁን ብታይው አታውቂውም። መኪናዋ ደጅ ነው የምታድረው። ግድግዳው ላይ ያረጀ ምንጣፍ፣ ጣሪያው ላይ የእንቁላል ካርቶን፣ በሩ ላይ የእንግዳ ክፍሉ ፍራሽ አለ። ጥግ ላይ ድራም፣ ከጎኑ ቤዝ፣ ሦስት ጊታር፣ ሁለት ቁልፎቹ የማይናገሩ አንድ ኦርጋን፣ አንድ ነጋሪት የሚያህል ከበሮ፣ እና ቁም ሣጥን የሚያህለው ቴፕ። ሁሉንም የሚጫወተው እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ ድራሙን ይመታል። ቴፑን ወደ ኋላ ይመልስና ድራሙን እየሰማ ቤዙን ይጫወትበታል። እንደገና ይመልሳል፣ ኦርጋኑን ይጨምርበታል። በመጨረሻ ይዘፍናል፤ ከዚያ ደግሞ ራሱን እየሰማ ራሱን ይቀበላል። ለዚህ የአንድ ሰው ባንድ ያወጣለት ስም "ሰባቱ ጎረቤቶች" ነው። ለምን ሰባት ስለው ቆጥሮ አሳየኝ፤ ሰባት ዕቃ ነው። "ጎረቤቶቹስ ይስማማሉ?" አልኩት። "እስካሁን አልተጣሉም" አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዘፈኖቹ እኔ ጎረምሳ ሳለሁ በሬዲዮ የምሰማቸውን ዓይነት ናቸው፤ ያ ጊታረኞቹ ሁሉ ጠጉራቸውን ያሳደጉበት፣ ሸሚዙ ሁሉ አበባ የነበረበት ጊዜ። ድምፁ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ጊታሩ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። አንዳንዱን ቦታ ቴፑን ገልብጦ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ያጫውተዋል፤ ድምፁ አየር ወደ ውስጥ እንደሚስብ ሰው ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሰማኝ አርባ ዓመት የሠራሁበት ሱቅ ትዝ አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሬዲዮውን ተሸክሞ ይህን ድምፅ አጥፋልኝ እያለ ይመጣልኝ ነበር፤ ልጄ ደግሞ ለፍቶ ያመጣዋል። ይህንኑ ነገርኩት። አልሳቀም። አንቺ ብትሆኚ ትስቂ ነበር።

ቴፑን በአራት ቀን አስነሣሁት። ቀበቶው ደርቆ ነበር፣ አንድ ሞተሩም ቆሽሾ ነበር። መሄድ እችል ነበር፤ ግን የልጄ ሁኔታ አላማረኝም። ቆሞ ይበላል። ብናገረው አንዴ ይመልስልኛል፣ አንዴ አይመልስልኝም። የድሮ ጓደኞቹን ለምን አትጠራቸውም ስለው ብቻዬን ይሻለኛል ይላል። ያኔ አንቺን አስታወስኩሽ፤ "አባባ፣ የምኖረው ከግድግዳ ጋር ነው" ያልሽኝን። ልክ ነበረች አልኩ በልቤ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ ስህተቴን ደግሞ በደንብ ልንገርሽ።

በጥቅምት አጋማሽ አንድ ጠዋት፣ የቴፑ ድምፅ ውስጥ እንደ ንብ የሚል ነገር አለ ብሎ እንድፈትሽለት ጠየቀኝ። እሱ ገላውን ሊታጠብ ገባ። ዘወትር ጆሮው ላይ የሚያደርገውን ማዳመጫ አንሥቼ አደረግሁ። የቀኙ ይሰማል። የግራው ዝም። መታ መታ አደረግሁት፤ ዝም። ከፈትኩት። ሽቦው ከሥሩ ተበጥሷል፣ የተበጠሰበትም ቦታ አረንጓዴ ሆኗል። መዳብ አረንጓዴ የሚሆነው በአንድ ቀን አይደለም። ትናንት የተበጠሰ ሽቦ ያብረቀርቃል።

ጠጉሩን በፎጣ እያደረቀ ተመለሰ።

"ይህ ከተበጠሰ ስንት ጊዜው ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"የግራው።"

ማዳመጫውን ተቀብሎ አደረገው። አወለቀው። ገልብጦ አየው። "ደህና ነው'ኮ" አለ። ከዚያ ፊቴን አየ። በዚያ ማዳመጫ አራት ዘፈን ሠርቶበታል።

ሬዲዮ ጠጋኝ ሰው የሚነግረውን አያምንም፤ ይለካል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሄጄ በግራው በኩል ከኋላው ቆምኩና በተራ ድምፅ "ሻይ ላፍላ?" አልኩት። ፎጣውን ማጠፉን ቀጠለ። ዞሬ በቀኙ መጣሁና ያንኑ በዚያው ድምፅ ደገምኩት። "አፍላ" አለኝ። ወዲያው ምን እንዳደረግሁ ገባውና ድራሙ ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

ያን ቀን ሁሉንም ነገረኝ። ከጀመረው አራት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ዓይነት ጩኸት ነበር፤ ያልፋል ብሎ ተወው። ጩኸቱ ሄደ፤ ሲሄድ ጆሮውንም ይዞት ሄደ። ያኔ ይሠራበት በነበረው ስቱዲዮ ድራመሩ የሚቀመጠው በልጄ ግራ በኩል ነበር። መግቢያው እያመለጠው፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ያስደግማቸው ጀመር። አብረውት የሚጫወቱት ልጆች ቀለዱበት። የስቱዲዮው ባለቤት ሐሳብህ የት ነው እያለ ተቆጣው። ሳያባርሩት ራሱ ወጣ። "ሙዚቀኛው ጆሮው ሞተ ከሚሉኝ ሰነፈ ቢሉኝ ይሻለኛል ብዬ ነው አባዬ" አለኝ። ብቻውን የሚሠራው ለዚህ ነው ልጄ። ሰውን ንቆ አይደለም። ራሱን ሲያጅብ መግቢያው አያመልጠውም፤ መቼ እንደሚገባ ያውቃል።

"እሷንስ?" አልኩት፤ አንቺን ማለቴ ነው።

"ድምጿን የቀነሰች መስሎኝ ነበር" አለ። "እየቆየች ከእኔ ጋር ማውራት የሰለቻት መስሎኝ ነበር።"

እዚህ ላይ እኔም ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ቆይቻለሁ። አንቺም ከፈለግሽ ቆዪ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሱ ጋራዡ ውስጥ ሳለ ወጥ ቤት ገባሁ። የምትሄጂ ቀን አውቶቡስ ጣቢያ ቆመን የነገርሽኝን አንድም ቃል አልረሳሁም። መልሼ የምጽፈው ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም፤ ሽቦው የቱ ጋ እንደተበጠሰ ማሳየት ስላለብኝ ነው። ሳትነግሪው የያዝሽው ፅንስ ሦስት ወር ሳይሞላው እንደወጣ፣ ሳምንት ሙሉ ቃል ፈልገሽ አጥተሽ፣ በመጨረሻ ዕቃ እያጠባችሁ ቀስ ብለሽ እንደነገርሽው፣ እሱም የያዘውን ብርጭቆ አድርቆ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ፣ ዜማ እያንጎራጎረ ትቶሽ እንደወጣ። "መልሱን ሰጠኝ አባባ፤ ሁለተኛ አልጠይቀውም" ነበር ያልሽኝ።

ሄጄ የቆምሽበት ቦታ ቆምኩ። ዕቃ ማድረቂያው ከመታጠቢያው በስተቀኝ ነው። የሚያጥብ ሰው የሚቆመው በሚያደርቀው ሰው ግራ ነው፤ ሌላ ቦታ መቆም አይቻልም፤ ግድግዳ ነው። ቧንቧውን ከፈትኩት። በዚያ ላይ ውኃው ገንዳው ላይ ሲወርድ ይጮኻል።

ማታ ራት ላይ ተጠንቅቄ ጠየቅሁት። ከመሄዷ ወራት በፊት ወጥ ቤት ውስጥ ያወራችሁትን ታስታውሳለህ አልኩት። አሰበ። በእውነት አሰበ፤ ልጄን አውቀዋለሁ፣ ሲዋሽ ጢሙን ይነካል። ጢሙን አልነካም።

"ወጥ ቤት ውስጥ ምንም አላወራንም" አለኝ።

አሞኛል ብዬ ከገበታው ተነሣሁ። አልነገርኩትም ልጄ። አንቺ ለእሱ እንዳላነሣበት ቃል አስገብተሽኛል፣ እሱ ደግሞ በኋላ ለአንቺ እንዳልነግርሽ ቃል አስገባኝ። በሁለት ቃል መካከል ተወጥሬ ከረምኩ። አንዱን ማጠፍ ካለብኝ የእሱን ባጥፍ ይሻላል አልኩ፤ ምክንያቱም የእሱ ምሥጢር ኀፍረት ነው፣ ያንቺ ግን ሐዘን ነው። የሰው ሐዘን ከባለቤቱ አፍ ነው የሚወጣው። ያንቺን አልነካሁም። ብትነግሪውም፣ እንደያዝሽው ብትኖሪም፣ ያንቺ ነው።

ከሁሉ የቆጨኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አውቶቡስ ጣቢያ እያለቀስሽ እኔ ምን አልኩሽ? "ከልጅነቱ እንዲህ ነው፤ ልቡ ሌላ ቦታ ነው" አልኩሽ። አርባ ዓመት ሙሉ ሳልከፍት ብልሽቱ ይህ ነው ብዬ የማላውቅ ሰው፣ የገዛ ልጄን ሳልከፍት ፈረድኩበት። አንቺም የእኔን ፍርድ ይዘሽ ሄድሽ። በስልክ ሲሆን ሌላ ሰው ነው፣ ይጠይቀኛል፣ ያዋራኛል ትይኝ ነበር፤ ያንን እንኳ ሰምቼ አልጠረጠርኩም። ስልክ የሚይዘው በቀኙ ነው።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሕፃን ልጅ እንደሚጎተት ጎትቼ ነው ብል አላጋነንኩም። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ በቀኙ በኩል ቁጭ ብላ ነው ያነጋገረችው፣ ለዚያ ብቻ ወደድኳት። የግራው ነርቭ ሞቷል፣ አይመለስም። የቀኙ ጤነኛ ነው፤ ግን ከከፍተኛ ድምፅ መጠበቅ አለበት። ከአራት ዓመት በፊት በመጀመሪያው ሳምንት ብትመጣ ኖሮ ምናልባት አለችና አልጨረሰችውም። ተመልሰን የቤቱ በር ላይ ስንደርስ ነው ያን ቃል ያስገባኝ። "አዝናልኝ እንድትመለስ አልፈልግም" አለ። "በዚህ ምክንያት ከምትመጣ ባትመጣ ይሻለኛል።"

ስለዚህ እኔም ነይ አልልሽም። ለመለመን አልጻፍኩም። ያልሆነ ነገር ተሸክመሽ ዕድሜሽን እንዳትጨርሺ ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሥራው ልንገርሽ፤ ሥራው ባይሆን ልጄ ከዚያ ሳምንት አይወጣም ነበር።

ሁሉም ዕቃ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ማደባለቅ የሚሉት ሥራ አለ። የትኛው ድምፅ በግራ፣ የትኛው በቀኝ ይሁን ብሎ ቦታ ቦታውን ማስያዝ ነው። በዚህ በልጄ ዓይነት ሙዚቃ ደግሞ ድምፁ ተቀምጦ አይሰማም፤ ኦርጋኑ ከግራ ይነሣል፣ በራስሽ ላይ ያልፋል፣ በቀኝ ይወርዳል፣ ጊታሩ ይከተለዋል። ሙዚቃው እንዲህ ካልዞረ ሞተ ማለት ነው። አንድ ጆሮ ላለው ሰው ግን ኦርጋኑ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። ሁለት ሳምንት ቴፑን ሳይነካ ከረመ። ጠዋት ጋራዡን ይከፍታል፣ ያያል፣ ይዘጋል።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ "የእኔን ጆሮ ውሰድ" አልኩት።

"ያንተ ጆሮ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው አባዬ።"

"አንተ አንድ ጥሩ አለህ፣ እኔ ሁለት መናኛ አለኝ። ብንደማመር አንድ ደህና ሰው ይወጣናል።"

ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

እንዲህ ሠራን። ወንበር መሐል ላይ፣ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል በሜትር ለክቶ አስቀመጠኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁ ወዳለበት እጄን አነሣለሁ። ወደ ግራ ሲሄድ ግራ እጄን፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቀኝ እጄን፣ በራሴ ላይ ሲያልፍ ሁለቱንም። እሱ እጄን እያየ ቁልፉን ያዞራል። የትራፊክ ፖሊስ ሆንኩ በይው። ድምፁን ዝቅ አድርገን ነው የምንሠራው፣ ሐኪሟ እንዳዘዘችው። መጀመሪያ ላይ የምለውን አላውቅም ነበር። "ግራው በዛ" ስለው "በዛ ማለት ጮኸ ነው ወይስ ቆየ?" ይለኛል። ቀስ በቀስ ቋንቋ አበጀን። "ኦርጋኑ በሩ ላይ ቆሟል፣ አስገባው።" "ጊታሩ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ፣ አንሣልኝ።" ተጨቃጭቀናልም። አንድ ቀን እኔ አዞረኝ ስል እሱ ማዞር አለበት፣ ማዞሩ ነው ቁም ነገሩ አለኝ። ጥዬው ወጣሁ። ከሰዓት ተመልሼ ስሰማው ልክ ነበር፤ በሚገባው ቦታ ነበር የሚያዞረው።

አንዴ ዓይኔን ሳልጨፍን ሰርቄ አየሁት። እጆቼ ላይ አፍጥጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ሲጠብቅ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አባትና ልጅ ሆነን ስንኖር እንዲህ አይቶኝ አያውቅም፤ እኔም እንዲህ ሰምቼው አላውቅም። ጎረምሳ ሳለ ይህን ጩኸት ዝጋልኝ እለው የነበርኩት ሰውዬ እኔ ነኝ።

ስድስቱን ዘፈን በዘጠኝ ቀን ጨረስን።

በታኅሣሥ መጨረሻ ድራመሩ መጣ፤ ያ ሎንጋ የምትሉት፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚለው። ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። የጠራው ልጄ ራሱ ነው፤ እኔ አላወቅሁም። አስቀምጦ አሰማው። ሎንጋ እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ ድራሙን ማን መታው ብሎ ጠየቀ። ልጄ፣ "እኔ ነኝ" አለው። "ደህና ነው፤ ግን ቀኝ እጅህ ይቸኩላል" አለው። ያኔ ልጄ ስለ ጆሮው ነገረው። ሐኪሟንና እኔን ሳይጨምር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሲናገር ነው። ሎንጋ የድራሙን ቆዳ በጣቱ ጠረገና፣ "እኛ የናቅኸን መስሎን ነበር" አለ። ሲወጣ ድራሙን ብድግ አድርጎ ወስዶ በክፍሉ ሌላኛው ጥግ አስቀመጠው። እንዲህ ሲያደርግ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ጊታር ለሚይዝ ሰው አሁን ድራሙ በቀኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ቤዝ የሚጫወት አንድ ዝምተኛ ሰው ይዞ መጣ። አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ከዘፈኖቹ ሁለቱን እሑድ ከሰዓት አጫውቶ፣ ይህ ባንድ መድረክ ላይ ቢታይ ጥሩ ነበር አለ፤ ሰባት ሰዎች መስለውታል። ልጄ ስለ መድረኩ እሺም እምቢም አላለም። ሰው ፊት መቆም ገና ይፈራል። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልጽፍልሽም። አሁንም ዝም የሚልባቸው ቀናት አሉ። አሁን ግን ዝም ሲል በየትኛው በኩል እንደቆምኩ አያለሁ፤ በግራው ከሆንኩ እዞራለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ሰባተኛው ዘፈን ላይ ስንደርስ አላስገባኝም። ይቺን ለብቻዬ ነው አለ። አሥራ አንድ ቀን በሩን ዘግቶ ሠራት። በአሥራ ሁለተኛው ጠርቶ ወንበሬ ላይ አስቀመጠኝ። እንደለመድኩት ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ለማንሣት ተዘጋጀሁ። እጄ ግን መሄጃ አጣ። ድምፁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይሄድም። ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ፤ እንደ ቆመ አለቀ።

"ይቺ ለምን አትዞርም?" አልኩት።

"ይቺን ሙሉዋን መስማት ስለምፈልግ ነው" አለኝ።

በሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሠራት፤ በአንዱ ጆሮው አንድም ነገር እንዳይቀርበት። ካሴቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሻለሁ፤ ሰባተኛዋን ብቻ ነው የቀዳሁልሽ። ማጫወቻ ስለማይኖርሽ አንድ ትንሽ ጠግኜ አብሬ አስገብቼዋለሁ፣ ባትሪ ብቻ ግዢለት።

ከመስማትሽ በፊት ግን እንዳትደነግጪ ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ያንቺ ድምፅ ነው። ወደዚህ ቤት በገባችሁ ሰሞን ይመስለኛል፣ ጋራዡ ገና ባዶ ሳለ፣ ማይክራፎን ሲሞክር አንቺን አቁሞሽ ኖሯል። እሱ ቤት ውስጥ ከመስኮቱ ኋላ ነበር። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ትሰማኛለህ?" ትያለሽ። ከዚያ ዝምታ ነው። ከዚያ ትስቂያለሽ፤ ረጅም ሳቅ። ምን አስቆሽ እንደሆነ ጠየቅሁት። "አዎ ለማለት ጭንቅላቴን በኃይል ስነቀንቅ ከመስኮቱ ጋር ተጋጨሁ" አለኝ። ሳቅሽን እስከ መጨረሻው አቆይቶታል፣ አልቆረጠውም፤ ጊታሩ የሚገባው አንቺ ስትጨርሺ ነው።

ውሎሽ የሰላም ይሁን። የምትገቢበት ቤት ይሙቅልሽ፣ የምትነግሪው ሰው አይጥፋብሽ፣ ልብሽ ያረፈበትን ይስጥሽ። ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ ባትጽፊም አልቀየምም።

የሚወድሽ፣
አባትሽ